የምግብ ደኅንነት በሂደት ይጠበቃል



በወተት ፋብሪካ የናሙና ምርመራ የሚመሰክረው ስለ ተመረመረው ወተት ብቻ ነው፤ ሕፃናት የሚጠጡት ግን ያልተመረመረውን ነው። ስለዚህም እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ለጠፈርተኞች ምግብ ያዘጋጁ የአሜሪካ ባለሙያዎች ዋናውን ቁጥጥር ከተጠናቀቀው ምርት ወደ አመራረቱ ሂደት አዛወሩት።

ወተት ፓስቸራይዝ ሲደረግ በ72 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ቢያንስ ለ15 ሴኮንድ ይቆያል፤ ሙቀቱ ከወሰኑ ዝቅ ካለ ቫልቩ ወደ ኋላ ይመልሰዋል። ይሁን እንጂ ይኸው ወተት በቅጡ ባልታጠበ ቧንቧ ካለፈ ድካሙ ሁሉ ከንቱ ነው። የአንዱ ክፍል ውጤት የሌላው ግብዓት ነውና፣ እ.ኤ.አ. በ2018 የተሻሻለው አይ.ኤስ.ኦ. 22000 ሂደቶቹ ተያይዘው እንዲመሩ ይጠይቃል።

እንግዲህ መሐንዲሶች ከመሣሪያዎቻችን ባሻገር በክፍሎች መካከል ለሚደረገው ርክክብ ኃላፊው ማን እንደ ሆነ እንጠይቅ፤ ባለቤት ያጣ ርክክብ የበሽታ መግቢያ በር ነውና።