ያልተጻፈው ጥቁር መዝገብ፦ የኃይሌ ገሪማ የፊልም ሕይወት ለእኛ ምን ይለናል?

(በዲላ ዩኒቨርሲቲ ለተማሪዎች፣ ለመምህራንና ለከተማው ነዋሪዎች የቀረበ የሕዝብ ንግግር ጽሑፍ)



በአንድ የክፍል ገጠመኝ ልጀምር። ባለፈው ዓመት «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» የተሰኘውን ፊልም ለተማሪዎቼ አሳይቼ ነበር። ፊልሙ ሲያልቅ ከገደብ የመጣ አንድ ተማሪ እጁን አነሣና፣ «መምህር፣ ይህ ፊልም በአማርኛ የተሠራ፣ ስለ አገራችን ገበሬ የሚናገር፣ በውጭው ዓለምም የታወቀ ከሆነ፣ እኛ እስከ ዛሬ የት ነበርን?» ሲል ጠየቀኝ። ወዲያው የምመልስለት አላገኘሁም። እኔ ራሴ ፊልሙን ያየሁት ሁለተኛ ዲግሪዬን ከያዝሁ በኋላ፣ ከቅጂ ላይ በተቀዳና ድምፁ በሚቆራረጥ የቪዲዮ ካሴት ነው። የዛሬው ንግግሬ ለዚያ ተማሪ የዘገየ መልስ ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት፣ «ዓ.ም.» ካላልሁ በስተቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ ላሳስብ።

የተጻፈና ያልተጻፈ መዝገብ

በፊልም ታሪክ «ጥቁር መዝገብ» ሲባል መጀመሪያ የሚታወሰው የሆሊውድ ታሪክ ነው። በ1947 ኮሚኒስት ናችሁ ወይ ተብለው በአሜሪካ ምክር ቤት ኮሚቴ ፊት ቀርበው አንመልስም ያሉ አሥር ጸሐፊዎችና ዳይሬክተሮች ምክር ቤቱን በመድፈር ተከሰው ታሰሩ። የስቱዲዮዎቹ ባለቤቶችም እነዚህን ሰዎች ላለመቅጠር ተስማሙ፤ መዝገቡም ከዓመት ወደ ዓመት እየረዘመ ሄደ። ከአሥሩ አንዱ ዳልተን ትራምቦ በሌላ ሰው ስም እየጻፈ ኖረ፤ በብዕር ስም የጻፈው ፊልም ኦስካር ሲሸለም እንኳ ሽልማቱን ወጥቶ መቀበል አልቻለም። የገዛ ስሙ በፊልም ላይ የተመለሰው በ1960 ነው። ዳይሬክተሩ ጁልስ ዳሲን ወደ ፈረንሳይ ተሰደደ፤ እዚያ በሠራው «ሪፊፊ» በ1955 በካን ፌስቲቫል የዳይሬክተርነት ሽልማት አገኘ። ጆሴፍ ሎዚ ወደ እንግሊዝ ሄደ፤ በ1971 የካንን ከፍተኛ ሽልማት ወሰደ።

እኛም ከዚህ የከፋ ታሪክ አለን። በዓሉ ግርማ «ኦሮማይ»ን ባሳተመ ማግሥት መጽሐፉ ከገበያ ተሰበሰበ፤ እርሱም ከሥራው ተባረረ፤ በ1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደ ወጣ አልተመለሰም። የተጻፈ እገዳ ቢያንስ አንድ ነገር አለው፦ አጋጁ ማን እንደ ሆነ ይታወቃል።

ዛሬ የማነሣቸው ሰው ግን ስማቸው በእንዲህ ያለ መዝገብ ላይ አልሰፈረም። ፕሮፌሰር ኃይሌ ገሪማን ፊልም እንዳይሠሩ የከለከለ አዋጅ የለም። አልታሰሩም፤ ከ1975 ጀምሮ በዋሽንግተን በሚገኘው ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ለረጅም ዓመታት አስተምረዋል። ስለዚህ «የታገዱ» ብዬ ስናገር ቃሉን በጥንቃቄ ነው። የእኔ መከራከሪያ የሚከተለው ነው፦ አንድን ፊልም ለማገድ ሠሪውን ማገድ አያስፈልግም፤ ከፊልሙ ወደ ተመልካቹ የሚወስደውን መንገድ መያዝ ይበቃል። መንገዱን የያዘው ወገን መዝገብ መጻፍ አያሻውም፤ ዝም ቢል ሥራው ይፈጸማል።

ከጎንደር እስከ ሎስ አንጀለስ

ኃይሌ ገሪማ በ1946 በጎንደር ተወለዱ። አባታቸው ገሪማ ታፈረ ስለ አርበኞች ተጋድሎ የሚተርከው የ«ጎንደሬ በጋሻው» ደራሲና የተውኔት ጸሐፊ ነበሩ። ልጁ ታሪክን በመድረክ ላይ ሲነገር እየሰማ አደገ ማለት ነው። በ1967 ቲያትር ለመማር ወደ ቺካጎ ሄዱ። እዚያ ለጥቁር ተዋናይ የሚሰጠው ቦታ ምን ያህል ጠባብ እንደ ሆነ አዩ። በ1970 ወደ ሎስ አንጀለስ ተሻግረው በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ፊልም መማር ጀመሩ።

በዚያ ትምህርት ቤት ከቻርልስ በርኔት፣ ከጁሊ ዳሽ፣ ከላሪ ክላርክና ከሌሎች ጋር ተገናኙ። የፊልም ታሪክ ጸሐፊዎች ይህን ትውልድ «የሎስ አንጀለስ ዐመፅ» ይሉታል። እነዚህ ወጣቶች ሆሊውድ ስለ ጥቁር ሕዝብ የሚናገርበትን ቋንቋ አልቀበልም ብለው በትንሽ ገንዘብ፣ አንዱ ለሌላው ካሜራ እየያዘ ይሠሩ ነበር። በ1975 የተጠናቀቀው የኃይሌ «ቡሽ ማማ» የሚጀምረው ፖሊሶች የፊልሙን ሠሪዎች ራሳቸውን አስቁመው ሲፈትሹ በሚያሳይ ምስል ነው። ያ ምስል ትወና አይደለም፤ በቀረጻው ወቅት በእርግጥ የደረሰ ነው። ካሜራ መያዛቸው ብቻ ለመጠርጠር በቅቷቸዋል።

ጭሰኛው በፊልም፣ ጭሰኛው በጌዴኦ

በ1974 ክረምት፣ የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት እየተናደ ባለበት ወቅት፣ ተማሪው ኃይሌ ወደ አገራቸው ተመልሰው «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት»ን በጥቁርና ነጭ ቀረጹ። ቀረጻው የሁለት ሳምንት ያህል ሥራ ነበር። ተዋናዮቹ አብዛኞቹ የሙያ ተዋናዮች አልነበሩም። ፊልሙ በ1976 ለዕይታ በቃ።

ታሪኩ ቀላል ነው። አንድ ጭሰኛ ቤተሰብ ከንጋት እስከ ምሽት ለባላባት ያርሳል፤ ባላባቱ ተቀምጦ ያዛል፣ ይሳደባል። ከብት የምትጠብቀው ልጅ ላም ለማዳን ስትሞክር ጎርፍ ይወስዳታል። መሬቱን የተነጠቀውና ሰው እብድ የሚለው ከበበ በመጨረሻ ባላባቱን በዱላ ይገድለዋል። ፊልሙ አይቸኩልም፤ ተመልካቹን እንደ ገበሬው ፀሐይ ላይ ያቆየዋል።

ይህን ፊልም በዲላ ማየት ሌላ ቦታ እንደ ማየት አይደለም። አያቴ ጭሰኛ ነበሩ። የጌዴኦ ገበሬ በቡናው ይገብር፣ በጉልበቱ ያገለግል ነበር። በ1952 ዓ.ም. ገበሬዎቹ በቃን ብለው ተነሡ፤ በሚችሌ ጦርና ጎራዴ ይዘው ጠመንጃ ከታጠቀ ኃይል ጋር ተጋጠሙ፤ ብዙ ሰው አለቀ። በልጅነቴ ሽማግሌዎች «ሚችሌ» ሲሉ ድምፃቸው ዝቅ ይል እንደ ነበር አስታውሳለሁ። መሬት ለአራሹ የታወጀው ከዚያ በኋላ፣ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. ነው። ፊልሙ የተቀረጸው ከአዋጁ ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ ነውና፣ የጭሰኝነት ሥርዓት ገና በሕይወት ሳለ የተነሣ የመጨረሻ ፎቶግራፉ ነው ማለት ይቻላል። ሆኖም ፊልሙ በአውሮፓ ሲታይና ሲወደስ፣ የጭሰኞቹ ልጆች የሆንን እኛ ሳናየው አደግን። በኋላ በጣሊያን ቦሎኛ ከተማ በሚገኝ የፊልም ማዕከል፣ በማርቲን ስኮርሴዚ ድርጅት ድጋፍ ታድሷል። ባይታደስ ኖሮ እኔ ያየሁት ዓይነት የተበላሸ ካሴት ብቻ ይቀርልን ነበር።

«ሳንኮፋ» እና የተከራየ አዳራሽ

ያልተጻፈው መዝገብ በግልጽ የታየው በ«ሳንኮፋ» ላይ ነው። ፊልሙ በጋና የባሪያ ንግድ ምሽግ ውስጥ ፎቶግራፍ የምትነሣ አንዲት ሞዴል ወደ ኋላ ተወስዳ በእርሻ ላይ በባርነት ስትኖር ያሳያል። በ1993 በበርሊን ፌስቲቫል ለውድድር ቀረበ። የአሜሪካ አከፋፋዮች ግን አልወሰዱትም።

እዚህ ላይ አንድ ተገቢ ጥያቄ ይነሣል። ይህ እገዳ ነው ወይስ ገበያ? ነጋዴ አያዋጣኝም ያለውን ዕቃ ያለመግዛት መብት አለው። የኃይሌ ፊልሞች ረጃጅምና ከባድ ናቸው፤ እንደ ቀላል መዝናኛ አይታዩም። ጥያቄውን በክርክር ብቻ መፍታት ያስቸግር ነበር፤ ኃይሌ ግን በተግባር ፈተኑት። ከባለቤታቸው ከፊልም ሠሪዋ ሺሪኪያና አይና ጋር ቀደም ሲል የራሳቸውን አከፋፋይ ድርጅት አቋቁመው ነበር። ሲኒማ ቤት በቁርጥ ዋጋ ተከራዩ፤ ኪራዩን ከከፈሉ በኋላ የትኬቱ ገቢ የእነርሱ ነው፤ ኪሳራውም እንዲሁ። ወሬው በጥቁር አሜሪካውያን ዘንድ ከአፍ ወደ አፍ ተላለፈ። ሕዝቡ ተሰለፈ። ፊልሙ ከዋሽንግተን ተነሥቶ ከከተማ ወደ ከተማ ዞረ።

ተመልካች የለውም የተባለው ፊልም ተመልካች ነበረው። ስለዚህ መንገዱ የተዘጋው በተመልካቹ ፍላጎት ማጣት አልነበረም። ከዚያም ከሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ፊት ለፊት በጆርጂያ ጎዳና «ሳንኮፋ» የተሰኘውን የመጽሐፍና የቪዲዮ ቤት ከፈቱ። መንገድ ከተከለከሉ በኋላ የራሳቸውን መንገድ ሠሩ።

እኛ የጌዴኦ ሰዎች ይህን ነገር በቡናችን እናውቀዋለን። ቀዩን እሸት የሚለቅመው ገበሬ እዚህ ነው፤ «ይርጋጨፌ» የሚለው ስም ግን ዋጋ የሚያወጣው ባሕር ማዶ፣ በሌላ ሰው መደብር ውስጥ ነው። በ2005 ኢትዮጵያ ይርጋጨፌ፣ ሲዳሞና ሐረር የሚሉትን ስሞች በአሜሪካ በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ ስትነሣ ከቡና ነጋዴዎች ወገን ተቃውሞ ገጠማት፤ በ2007 ከስታርባክስ ጋር ስምምነት ላይ ተደረሰ። ክርክሩ ስለ ቡናው ጥራት አልነበረም፤ ያንን ሁሉም ያምናል። ክርክሩ ስሙ የማን ነው፣ መንገዱስ በማን እጅ ነው የሚል ነበር።

ዋጋው

ተማሪዎቼ ይህን ታሪክ እንደ ድል ተረት ብቻ እንዲሰሙት አልፈልግም። በራስ መንገድ መሄድ ዕድሜ ይበላል። ከ«ሳንኮፋ» እስከ ቀጣዩ ትልቅ የትወና ፊልማቸው «ጤዛ» 15 ዓመት አለፈ፤ አብዛኛው ጊዜ ገንዘብ ሲፈለግ የሄደ ነው። «ጤዛ» በጀርመን የተማረው አንበርብር አገሩን ለማገልገል ተመልሶ በደርግ ዘመን ባልደረባው ሲገደል፣ በጀርመንም በዘረኞች ጥቃት እግሩን ሲያጣ፣ በመጨረሻ ጣና ዳር ወዳለችው መንደሩ ሲመለስ ይተርካል። አገሩም ባዕድ አገርም ሙሉ ቦታ አልሰጡትም። ፊልሙ በ2008 በቬኒስ ልዩ የዳኞች ሽልማትና የምርጥ ድርሰት ሽልማት፣ በ2009 በዋጋዱጉ ታላቁን የየኔንጋ ፈረስ ሽልማት አገኘ። እኔ ግን ስለ ሽልማቶቹ ሳስብ፣ በእነዚያ 15 ዓመታት ሊሠሩ ይችሉ የነበሩት ፊልሞች ይታዩኛል። ያልተጻፈ እገዳ ትልቁ ጉዳቱ ይህ ነው፤ ያልተሠራን ፊልም ማንም ታገደ ብሎ አይቆጥረውም።

ዳሲንና ሎዚ ከአንድ ኢንዱስትሪ ሲባረሩ ሌላ ኢንዱስትሪ ተቀብሏቸዋል። ኃይሌን የተቀበለ ኢንዱስትሪ አልነበረም፤ የተቀበላቸው የመማሪያ ክፍል ነው። ካስተማሯቸው መካከል «ሰልማ» የተባለውን ፊልም የቀረጸውና በ«አራይቫል» ለኦስካር የታጨው ብራድፎርድ ያንግ ይገኝበታል። በ2021 «ሳንኮፋ» ታድሶ በኔትፍሊክስ ለዓለም ቀረበ፤ መንገዱን ያመቻቸው ጥቁር አሜሪካዊቷ ዳይሬክተር አቫ ዱቨርኔ ያቋቋመችው ድርጅት ነው። በዚያው ዓመት በሎስ አንጀለስ የኦስካር አካዳሚ ሙዚየም ኃይሌን አከበረ። 28 ዓመት ቆይቶ የተከፈተ በር ነው።

ለእኛ የሚቀርልን

ወደ ገደቡ ተማሪ ጥያቄ ልመለስ። «እኛ የት ነበርን?» የመልሱን ግማሽ እስካሁን ተናግሬያለሁ፤ መንገዱ በሌሎች እጅ ነበር። ሌላው ግማሽ እኔን ይመለከታል። ያን ካሴት ካየሁ በኋላ ለተማሪዎች እስካሳይ ድረስ ብዙ ዓመታት አልፈዋል። ማንም አልከለከለኝም። ፕሮጀክተር ነበረ፣ አዳራሽ ነበረ፤ እኔ ግን «በሥርዓተ ትምህርቱ ውስጥ የለም» እያልሁ አሳለፍሁት። ያልተጻፈው መዝገብ እንደኔ ባለ ሰው ዝምታም ይጠበቃል።

ስለዚህ አንድ ሐሳብ አቀርባለሁ። ፊልሙን ከዚህ አዳራሽ አውጥተን፣ ተገቢውን ፈቃድ ጠይቀን፣ በቡሌ፣ በወናጎና በይርጋጨፌ እናሳይ። ከዕይታው በኋላ በሶንጎ ሥርዓት ሽማግሌዎች በጌዴኡፋ ይናገሩ፤ ተማሪዎቻችን በስልካቸውም ቢሆን ይቅረጹ። ጭሰኝነትን በአካል የሚያስታውሱ ሰዎች ዛሬ በጣም አርጅተዋል። አያቴ ካረፉ ቆይተዋል፤ ስለ ሚችሌ አንድም ቀን ቁጭ ብዬ አልጠየቅኋቸውም፤ ድምፃቸውም የለኝም። የእናንተ አያቶች ግን ምናልባት ዛሬ ማታ ቤት አሉ።