ስለ ወይን ጠጅ አቀማመስና አቀማመጥ
(በኢዮቤልዩ በዓላችን ላይ የተደረገ ንግግር)



የበዓሉ አዘጋጆች ዛሬ ማዕዱ ላይ ስላለው ቀይ ወይን ጥቂት እንድንናገር አዘውናል። እኛ የኮንዮ ኮንዮ ባለሱቆች እንጂ የወይን ሊቆች አይደለንም። የምንናገረው ከስረን የተማርነውን ነው።

ካስቴል የተባለው ኩባንያ በዝዋይ፣ በዛሬዋ ባቱ፣ ያመረተው «ሪፍት ቫሊ» በ2014 እ.ኤ.አ. ገበያ ላይ ሲውል የአገራችን ነው ብለን አንድ ካርቶን ሜርሎ ከአዲስ አበባ አስመጣን። አንዱን ከፍተን ብንቀምሰው ጠቆር ያለ፣ ወፈር ያለ፣ ብዙ እንደፈላ ሻይ ምላስና ድድ የሚያደርቅ ሆነብን። ይህን የሚያደርገው ታኒን ይባላል፤ ከወይኑ ልጣጭና ዘር፣ ከእንጨት በርሜልም ይገኛል። ሲቆይ ይለዝባል ስለተባልን አንዱን ለለመነን ጎረቤት ሰጥተን፣ የቀረውን ለልጆቻችን ሠርግ ብለን መጋዘን አስገባነው።

ስህተታችን እዚህ ላይ ነው። ወይን ቆይቶ የሚያምረው ከ12 እስከ 14 ዲግሪ ባለ ቀዝቃዛና ጨለማ ቦታ፣ ቡሹ እንዳይደርቅ ጠርሙሱ ተጋድሞ ሲቀመጥ ነው። የእኛ መጋዘን ቆርቆሮ ነው። በየካቲትና በመጋቢት የጁባ ሙቀት 38 ዲግሪ ይደርሳል። በሐምሌ 2016 እ.ኤ.አ. ውጊያ ጊዜም ሱቁን ዘግተን ለሳምንታት ራቅን። ስንመለስ ቡሾቹ ወደ ላይ ተገፍተው፣ ወይኑ ካርቶኑን አርሶ ጠበቀን። የተረፈውን ብንቀምሰው የተቀቀለ ዘቢብ፣ የተቀቀለ ዘቢብ ይላል። ጥፋቱ የአምራቹ ሳይሆን የእኛ ነው። የተጠቀመው ያ ጎረቤታችን ነው፤ የዚያኑ ዕለት ማታ ከቤተሰቡ ጋር ጠጥቶታል።

ስለዚህ ምክራችን ይህ ነው። ቀዝቃዛ ምድር ቤት የሌለው ሰው ወይን አያከማች። የጁባ ቤት ሞቃት ስለሆነ ከመቅረቡ በፊት ግማሽ ሰዓት ፍሪጅ ውስጥ ይቆይ። ከዚያ ጆግ ላይ ገልብጡት፤ አየር ሲያገኝ ይለዝባል። ጥቂት ተጎንጭታችሁ አፋችሁ ውስጥ ያዝ አድርጉት። ስብ ያለው ጥብስ ታኒኑን ያለዝበዋል፤ በርበሬ የበዛበት ወጥ ግን ያብሰዋል።

ወገኖቻችን፣ ብዙዎቻችን ደስታችንን «አገራችን ስንገባ» እያልን በካርቶን አሽገን አስቀምጠናል። ያን ወይን አብረውን ይጠጡታል ብለን ካሰብናቸው ወዳጆቻችን ከፊሎቹ ዛሬ በመካከላችን የሉም።

የዛሬው ወይን ባለፈው ሳምንት የገባ ነው። ምላስ ይይዛል፤ ግድ የለም፣ ጥብሱ ደርሷል። ለማይጠጡ ወገኖቻችንም ብርዝ ተዘጋጅቷል። በሉ፣ ብርጭቋችሁን አንሡ።