የኤሌክትሮን ሞገድ ምን ያህል ያጥራል?

ዛሬ የአንድን ቅንጣት የሞገድ ርዝመት ከኢነርጂው ተነስተን እናሰላለን። ተማሪዎች፣ ወረቀትና እስክሪብቶ ያዙልኝ።

ፈረንሳዊው ሉዊ ደ ብሮይ እ.ኤ.አ. በ1924 ባቀረበው የዶክትሬት ጽሑፍ ቁስ ሁሉ ሞገድነት አለው አለ። የሞገዱ ርዝመት የፕላንክ ቋሚ ቁጥር ለሞመንተም ሲካፈል ይገኛል። ሞመንተሙስ? መጠነ ቁሱን በእንቅስቃሴ ኢነርጂው አባዙ፣ ውጤቱን እጥፍ አድርጉና ስኩዌር ሩቱን ውሰዱ።

ለኤሌክትሮን አቋራጭ አለ። ኢነርጂውን በኤሌክትሮን ቮልት ጻፉ፤ 1.23ን ለስኩዌር ሩቱ አካፍሉ፤ መልሱ በናኖሜትር ይመጣል። ለ100 ኤሌክትሮን ቮልት ስኩዌር ሩቱ 10 ነው፤ መልሱ 0.123 ናኖሜትር፣ የአንድ አቶም ስፋት ያህል። እ.ኤ.አ. በ1927 ዴቪሰንና ጀርመር በ54 ቮልት ያስወነጨፏቸው ኤሌክትሮኖች ከኒኬል ክሪስታል ነጥረው እንደ ሞገድ የተበተኑትም ለዚህ ነው።

ብዙ ተማሪ ፈተና ላይ የሚስተው የብርሃንን ቀመር ለኤሌክትሮን ሲያውል ነው። ለብርሃን 1240ን ለራሱ ለኢነርጂው እናካፍላለን፤ ኢነርጂው እጥፍ ሲሆን ሞገዱ በግማሽ ያጥራል። የኤሌክትሮን ሞገድ በግማሽ የሚያጥረው ግን ኢነርጂው አራት እጥፍ ሲሆን ነው። ቀመሩን ያምታታ ሰው ለዚያው 100 ኤሌክትሮን ቮልት 12.4 ናኖሜትር ያገኛል፤ 100 እጥፍ ያህል ስቷል።

ከ2 ሜትር ከፍታ የወደቀ፣ 1 ግራም የሚመዝን የበሰለ የቡና ፍሬም ሞገድ አለው። መሬት ሲደርስ ኢነርጂው 0.02 ጁል ገደማ ነው። ሞገዱን በሜትር ብትጽፉት ከነጥቡ በኋላ 30 ዜሮዎች ተደርድረው 1 ይከተላል። የትኛውም መሣሪያ አይለካውም።

የኤሌክትሮኑ አጭር ሞገድ ግን ለቡና አገር ትልቅ ጥቅም አለው። እ.ኤ.አ. በ1971 አገራችን ውስጥ የታየውን የቡና ፍሬ በሽታ የሚያመጣው ፈንገስ ስፖሩ በተለመደው ማይክሮስኮፕ ይታያል። የሴሉን ውስጣዊ አሠራር በዝርዝር ማየት ሲፈለግ ግን ብርሃን አይበቃም፤ ከ200 ናኖሜትር ገደማ በታች ያለውን ለይቶ አያሳይም። እዚያ ኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ያስፈልጋል። በ100,000 ቮልት ሲሠራ የኤሌክትሮኑ ፍጥነት ከብርሃን ፍጥነት ግማሽ ያልፋል፤ ስለዚህ በአቋራጩ የሚወጣው 0.0039 ናኖሜትር በአንስታይን ሕግ ሲታረም 0.0037 ይሆናል።

ፕሮቶን ከኤሌክትሮን 1836 ጊዜ ይከብዳል። ኢነርጂው 100 ኤሌክትሮን ቮልት ቢሆን ሞገዱ ስንት ይሆናል? እስከ ሳምንት ሠርታችሁ ጠብቁኝ።