የሕዝብ ገንዘብና የእንደራሴ ደረሰኝ

(አንድ የ12ኛ ክፍል ተማሪ በትምህርት ቤቱ የምሥረታ በዓል ላይ ያደረገው ንግግር)



 የመረጥሁት አርእስት ለበዓል ቀን የማይስማማ መስሎ ይታይ ይሆናል። ይኸውም በ2009 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር የሕዝብ እንደራሴዎች አበላቸውን ያለ አግባብ በመውሰዳቸው የተነሣው የሕዝብ ቍጣ ነው። (በዚህ ንግግር የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ታሪኩ የሩቅ አገር ቢሆንም ትምህርቱ ለእኛ ቅርብ ነው፤ በዚህ አዳራሽ ከተቀመጥነው መካከል ነገ የሕዝብ ገንዘብ በእጁ የሚገባ ብዙ ነውና።

በመጀመሪያ አንድ ነገር ልግለጽ። አበል መቀበል በራሱ ነውር አይደለም። ከ1911 በፊት የእንግሊዝ የታችኛው ምክር ቤት አባላት በአባልነታቸው ደመወዝ አይከፈላቸውም ነበር። ስለዚህ እንደራሴ ለመሆን የሚችለው ርስት ወይም ንግድ ያለው፣ አለዚያም የሚረዳው ማኅበር ያገኘ ሰው ብቻ ነበር። በዚያ ዓመት በዓመት 400 ፓውንድ ደመወዝ ሲቈረጥላቸው የሠራተኛው ልጅም በምክር ቤቱ ለመቀመጥ በሩ ተከፈተለት። ደግሞም ከስኮትላንድ ዳርቻ የተመረጠ ሰው በመረጠው ሕዝብ መካከልም፣ ምክር ቤቱ ባለበት በሎንዶንም ማደሪያ ያስፈልገዋል። የሁለተኛ ቤት አበል የተፈቀደው ለዚህ ነው። በ2008 ገደማ ይህ አበል በዓመት እስከ 24,000 ፓውንድ ይደርስ ነበር። እንግዲህ አበሉ የታሰበው ድኻ እንደራሴ እንዳይቸገር ነው።

ታዲያ መልካሙ አሳብ ከየት ላይ ተበላሸ? ሦስት ምክንያት አለው። አንደኛ፣ የአበሉን ደንብ የሚያወጡት ራሳቸው ተቀባዮቹ ነበሩ። ሁለተኛ፣ ከ250 ፓውንድ በታች ለሆነ ወጪ ለብዙ ጊዜ ደረሰኝ አይጠየቅም ነበር። አንድ ተራ የመሥሪያ ቤት ሠራተኛ ለሥራ ጉዳይ ወጥቶ ሲመለስ የወሰደውን ሂሳብ እንዲያወራርድ ይጠየቃል፤ ሕግ አውጪው ግን በቃሉ ብቻ ይታመን ነበር። ሦስተኛውና ዋናው፣ ዝርዝሩ ለሕዝብ የማይታይ ምሥጢር ነበር። ሰው ያየኛል ብሎ የማይጠረጥር እጅ እየረዘመ ይሄዳል።

ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል ይባላል። ያው ምክር ቤት በ2000 ዓ.ም. ማንኛውም ሰው የመንግሥትን ሰነድ ለማየት የመጠየቅ መብት እንዲኖረው ሕግ አውጥቶ ነበር፤ ሕጉም በ2005 ሥራ ላይ ዋለ። ሄዘር ብሩክ የምትባል ጋዜጠኛ በዚሁ ሕግ የእንደራሴዎቹን ወጪ ዝርዝር ጠየቀች። ምክር ቤቱ እምቢ አለ። ክርክሩ እስከ ከፍተኛው ፍርድ ቤት ደርሶ በ2008 ለጠያቂዎቹ ተፈረደላቸው። ዳሩ ግን ምክር ቤቱ ዝርዝሩን ገና በማዘጋጀት ላይ ሳለ ሙሉው ሰነድ ሾልኮ ወጣና ዴይሊ ቴሌግራፍ የተባለው ጋዜጣ ከግንቦት 8 ቀን 2009 ጀምሮ በየቀኑ ያትመው ጀመር። ምክር ቤቱ በኋላ ራሱ ያወጣው ቅጂ ብዙው መስመር በጥቁር ቀለም የተሸፈነ፣ የቤቶቹም አድራሻ የተሰረዘ ነበር። አድራሻ ከሌለ ደግሞ አንዱን ቤት ዛሬ ሁለተኛ ቤቴ ነው፣ ነገም ሌላውን ሁለተኛ ቤቴ ነው እያሉ ሁለቱንም በሕዝብ ገንዘብ ያሳደሱትን ለይቶ ማወቅ አይቻልም። ከዚህ የምንማረው ግማሽ ግልጽነት ድብቅነት መሆኑን ነው።

ምን ተገኘ ብትሉ፣ ከአንድ እንደራሴ በቀረበ ዝርዝር ውስጥ ርስቱን የከበበውን የውሃ ቦይ ለማስጠረግ ከ2,000 ፓውንድ በላይ ሰፍሮ ነበር። ሌላው በኩሬ ላይ ለሚንሳፈፍ የዳክዬ ቤት 1,645 ፓውንድ ጠይቆ ነበር፤ ይኸኛው ሳይከፈለው ቀርቷል። አንዲት ሚኒስትርም 88 ሳንቲም ያህል፣ ማለት 88 ፔንስ፣ ለገላ መታጠቢያ መክደኛ አስመዝግባ ነበር። ከእነዚህ የከፋው ግን ከፍሎ ለጨረሰው የቤት ዕዳ ወለድ እንደሚከፍል አድርጎ 16,000 ፓውንድ ያህል የወሰደው ነው።

እንግሊዝ ሀብታም አገር ናት፤ ይህ ገንዘብ ግምጃ ቤቷን ባዶ አያደርገውም። ሕዝቡ ስለ ምን እንዲያ ተቈጣ? ጊዜው ባንኮች የወደቁበት፣ ብዙ ሰው ከሥራው የተፈናቀለበት ጊዜ ነበር። ግብር የሚከፍለው ሠራተኛ ቀበቶውን ሲያጠብቅ፣ ቀበቶህን አጥብቅ ያለው ሰው የቤት ዕቃውን በእርሱ ላብ ሲገዛ አየ። ከሁሉ ይልቅ ግን ያቃጠለው ብዙዎቹ የሰጡት መልስ ነው፤ «ደንቡን አልተላለፍሁም» አሉ። እውነት ነው፣ ብዙዎቹ ደንብ አልጣሱም። ነገር ግን ደንቡን የጻፈው ማን ነው?

ቍጣው ፍሬ አፈራ። የምክር ቤቱ አፈ ጉባኤ ማይክል ማርቲን በዚያው ወር ሥልጣናቸውን እንደሚለቁ አስታወቁ፤ አንድ አፈ ጉባኤ በግድ ከወንበሩ ሲወርድ ከ1695 ወዲህ ይህ የመጀመሪያው ነው። ሰር ቶማስ ሌግ የተባሉ መርማሪ ሂሳቡን ፈትሸው ከአንድ ሚሊዮን ፓውንድ በላይ እንዲመለስ አዘዙ። የተከሰሱት አንዳንዶች በ1689 የተሰጠውን የምክር ቤት ነጻነት ጠቅሰው ተራ ፍርድ ቤት አይዳኘንም ቢሉም፣ የበላዩ ፍርድ ቤት በ2010 ክርክራቸውን ውድቅ አደረገው። ሐሰተኛ ሰነድ ያቀረቡት ወኅኒ ወረዱ፤ ከእነርሱም ዴቪድ ቼይተር የተባለው 18 ወር ተፈረደበት። አበሉን የሚቈጣጠር፣ ከእንደራሴዎቹ እጅ የወጣ መሥሪያ ቤትም በ2009 ሕግ ተቋቋመ። ዛሬ የእያንዳንዱ እንደራሴ ወጪ ለሕዝብ ይታያል።

ክቡራንና ክቡራት፣ እዚህ ላይ ሁለት ነገር እንድናስተውል እለምናለሁ።

አንደኛው፣ ቍጣ መልካም አገልጋይ እንጂ መልካም ዳኛ አለመሆኑ ነው። በዚያን ጊዜ ብዙ ሰው «ሁሉም ሌቦች ናቸው» አለ። ነገር ግን ከ600 ከሚበልጡት እንደራሴዎች መካከል የሚገባቸውን ብቻ የወሰዱም ነበሩ። ሁሉም ሌባ ነው የተባለ እንደ ሆነ እውነተኛው ሌባ ከሕዝቡ መካከል ይሸሸጋል፤ ንጹሑ ሰው ደግሞ ስሜ ይጐድፋል ብሎ ከሹመት ይሸሻል። መንበሩም ለማያፍር ሰው ይቀራል። ስለዚህ ስም ከመለጠፍ በፊት ደረሰኝ መመርመር ይገባል።

ሁለተኛው ወደ ቤታችን ይገባል። እኛ «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቈጨዋል» የሚል ተረት አለን። ይህ ተረትና «ደንቡን አልተላለፍሁም» የሚለው የእንግሊዞች መልስ ወንድማማቾች ናቸው። ሁለቱም ለመውሰድ እችላለሁን ብለው ይጠይቃሉ፤ የእኔ ነውን ብለው ግን አይጠይቁም። በቋንቋችንም የመንግሥት ገንዘብ «በላ» እንላለን። የተበላው ግን የባለአገሩ ግብር፣ የሆስፒታሉ መድኃኒት፣ የትምህርት ቤቱ ጠረጴዛ ነው። ወንጌል ስለ ቀራጮች አለቃ ስለ ዘኬዎስ ይነግረናል። እርሱ ማንም ደረሰኝ ሳይመረምርበት ያጭበረበረውን አራት እጥፍ እመልሳለሁ አለ። በዚያ ታሪክ ብዙዎቹ ግን የመለሱት ጋዜጣ ካወጣባቸው በኋላ ነው። ልዩነቱ ሕሊና ከጋዜጣ ቀድሞ መንቃቱ ነው።

የተከበራችሁ ወላጆች፣ ልጅ በወላጅ ፊት ድፍረት አይገባውም፤ ሆኖም ይህን ልበል። አንድ ወጣት ሥራ በያዘ ጊዜ ዘመድ ሁሉ «ከቦታው ምን አገኘህ?» ይለዋል። ባዶ እጁን የመጣ እንደ ሆነም ሞኝ ይባላል። እባካችሁ ነገ እኛን «በቦታው ምን ሠራህ?» ብላችሁ ጠይቁን። ያን ጊዜ ከሕግም ከፖሊስም የበረታ ጠባቂ ታቆሙልናላችሁ።

ጓደኞቼ ሆይ፣ ጅማሬው ከዚሁ ነው። የክፍል መዋጮ የሚሰበስብ፣ የማኅበር ገንዘብ የሚይዝ ሁሉ ሳይጠየቅ ሂሳቡን በሰሌዳ ላይ ይለጥፍ። የሚጠይቀውም ሰው ምቀኛ አይባል፤ ባለገንዘብ ነውና። ከዚህ ትምህርት ቤት በቅርቡ ተመርቀን ስንወጣ ብዙ ዕውቀት ይዘን እንወጣ ይሆናል። ነገር ግን ለ88 ሳንቲም ያልታመነ ዕውቀት ለአገር ዕዳ ነው።

ትምህርት ቤታችንን እግዚአብሔር ለብዙ ዓመት ይጠብቅልን።