ዓይን አማና ነው

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም። ምስጋና ለአላህ ይሁን፤ ሶላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይስፈን።



አላህ መድኃኒቱን ሳያወርድ ያወረደው በሽታ እንደሌለ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) አስተምረውናል። መድኃኒቱ ግን ተፈልጎ የሚገኝ ነው። ዛሬ የማነሣው ከፍለጋው መንገዶች አንዱን፣ ልጆቻችን ሊሰማሩበት የሚገባ ሙያ ነው፤ በማይክሮስኮፕ አይቶ፣ ያዩትን በኮምፒውተር መርምሮ መድኃኒት መፈለግ።

ወባን እንውሰድ። ከጣት የተወሰደች የደም ጠብታ በመስታወት ላይ ተቀብታ፣ ቀለም ጠጥታ በማይክሮስኮፕ ትታያለች። የወባን ተሕዋስ በዚህ መሣሪያ መጀመሪያ ያየው አልፎንስ ላቬራን የተባለ ፈረንሳዊ ሐኪም ነው፤ ይህም በአልጄሪያ በ1880 እ.ኤ.አ. ነበር። መድኃኒት ፈላጊን ግን አንዲት ጠብታ አትበቃውም፤ በሺህ የሚቆጠሩ ኬሚካሎችን መሞከር አለበት። ስለዚህ መዳፍ በምታህል ሳሕን ላይ በተደረደሩ 384 ጥቃቅን ጉድጓዶች ውስጥ ኬሚካሎቹን ለየብቻ ይጨምራል፤ ተሕዋሱን ወይም የሰውን ሕዋስ ያኖርባቸዋል፤ ከማይክሮስኮፕ ጋር የተያያዘ ካሜራም እያንዳንዱን ጉድጓድ ፎቶ ያነሣል። የትኛው ተሕዋስ ሞተ? የትኛው ቅርጹ ተለወጠ? የሰውስ ሕዋስ ተጎድቷል? ይህን ሁሉ ሥዕል አይቶ የሚጨርስ ዓይን የለም፤ ቆጥሮና ለክቶ የሚያቀርበው ኮምፒውተር ነው።

አን ካርፔንተር የተባለች አሜሪካዊት የሕዋስ ተመራማሪ ሥዕሉ በዝቶባት ራሷ ፕሮግራም መጻፍ ተማረች። ከባልደረቦቿ ጋር ሴልፕሮፋይለር የተባለውን ፕሮግራም ሠርታ በነጻ ለቀቀችው፤ በ2006 እ.ኤ.አ. በታተመ ጽሑፍም ለዓለም ቀረበ። ኮምፒውተር ያገኘ የወልቂጤ ወይም የቡታጅራ ተማሪ ያለ አንዳች ክፍያ ሊጠቀምበት ይችላል።

ሆኖም መሣሪያ ከሚያስተውል ዓይን አይቀድምም። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. በዓድዋ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ሥፍራ ዝቅ ብሎ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። ቢልሃርዚያ በቀንድ አውጣ በኩል የሚተላለፍ ነውና፣ ያዩትን በላቦራቶሪ ፈትነው እንዶድ እንደሚገድለው አረጋገጡ። እንዶድ የእናቶቻችን ሳሙና ነበር፤ ስንቱ አይቶት አልፏል! በ1989 እ.ኤ.አ. ከዶክተር ለገሰ ወልደ ዮሐንስ ጋር ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀበሉ።

ጉዳዩ ያለቀ እንዳይመስለን። በ2021 እ.ኤ.አ. በወጣ ጥናት፣ ፈጣኑ የወባ መመርመሪያ የሚፈልገው ፕሮቲን የሌለው ተሕዋስ በአገራችን መገኘቱ ተገልጿል፤ ሰውየው ታሞ ሳለ መመርመሪያው «ወባ የለም» ሊል ይችላል ማለት ነው። በ2023 እ.ኤ.አ. ደግሞ አርቴሚሲኒን የተባለውን መድኃኒት የመቋቋም ምልክት የሆነ ለውጥ በአገራችን ተሕዋስ ላይ መታየቱ ተዘገበ።

ውድ ወንድሞችና እህቶች፤ በማይክሮስኮፕ የሚያይ ሰው ምስክር ነው። ያላየውን አየሁ ካለ ወይም ሥዕሉን አሳምሮ ካቀረበ፣ ዳፋው የሚተርፈው ምንም ለማያውቅ በሽተኛ ነው። ኮምፒውተርም የሚማረው ሰው «ይህ ተሕዋስ ነው፤ ይህ አይደለም» ብሎ ምልክት ካደረገለት ሥዕል ነው፤ መምህሩ ከዋሸ እሱም ይዋሻል። የሐሰት ምስክርነት ከታላላቅ ወንጀሎች አንዱ መሆኑን ታውቃላችሁ። ስለዚህ ሙያው ዕውቀትንም አላህን መፍራትንም ይፈልጋል።

ንግድ ሐላል ነው፤ መስጂዳችንም የቆመው በነጋዴ ወንድሞቻችን እጅ ነው። ነገር ግን ትምህርቱን ያልጨረሰ ልጅን ወደ መርካቶ ሱቅ መላክ፣ ሴት ልጅንም ከስምንተኛ ክፍል ማስቀረት ኡማውን ዓይን ያሳጣዋል። ሕዝብ የሚፈወስበትን ዕውቀት መያዝ ፈርዱ ኪፋያ ነው፤ የሚይዘው ከታጣ ሁላችንም ተጠያቂዎች ነን። በቡታጅራ ዙሪያ ከ1986 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ተመራማሪዎች ቤት ለቤት ልደትንና ሞትን ሲመዘግቡ ኖረዋል። እኛ በአብዛኛው ተቆጣሪዎች ነበርን፤ ልጆቻችን ቆጣሪዎችም ይሁኑ። ዩኒቨርሲቲው ወልቂጤ ድረስ መጥቶልናል። ኮሚቴያችንም ከቁርኣኑ ሐልቃ ጎን ለወንዶችም ለሴቶችም የሒሳብና የባዮሎጂ ማስጠኛ ሰዓት ቢመድብ መልካም ነው።

አላህ ጠቃሚ ዒልም ይስጠን፤ በሽተኞቻችንን ያሽር፤ የልጆቻችንን ዓይን ለሐቅ የሚመሰክር ያድርግልን። አሚን። ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።