እናትና ልጅ፦ በፊልምም በቤታችንም
(በክሊኒክ ለተገኙ ባለትዳሮች የተደረገ ንግግር)

የዛሬው ንግግራችን ከእንክብልና ከመርፌ በፊት ስለሚመጣ ጉዳይ ነው። በእናትና በሴት ልጇ መካከል ስለሚፈጠረው መካረር እንነጋገራለን።

በመርሐቤቴ፣ ዓለም ከተማ «እናት» የሚባል ሆስፒታል እንዳለ ታውቃላችሁ። ያሠራው ካርል ሃይንዝ በም የመሠረቱት «ሰዎች ለሰዎች» ድርጅት ነው። እኒህ ሰው ወደ አገራችን ከመምጣታቸው በፊት ስመ ጥር የፊልም ተዋናይ ነበሩ። እ.ኤ.አ. ከ1955 እስከ 1957 በወጡት ሦስት የ«ሲሲ» ፊልሞች የኦስትሪያውን ንጉሠ ነገሥት ፍራንዝ ዮሴፍን ሆነው ሠርተዋል። ሲሲን ሆና የሠራችው ሮሚ ሽናይደር ስትሆን፣ የሲሲን እናት ሆና የሠራችው ደግሞ የሮሚ የገዛ እናቷ ማግዳ ሽናይደር ናት።

በመጀመሪያው ፊልም እናትየዋ ከእህቷ፣ ማለትም ከንጉሡ እናት ጋር ተመካክራ ንጉሡን ለታላቋ ልጇ ታስባለች። ንጉሡ ግን ታናሺቱን ሲሲን ይመርጣል። ለእኛ ይበልጥ የሚቀርበው ሁለተኛው ፊልም ነው። ሲሲ ሴት ልጅ ስትወልድ፣ አማቷ ገና ልጅ ናት በሚል ምክንያት ሕፃኗን ወስዳ ራሷ ለማሳደግ ትወስናለች። ሲሲ አዝና ወደ ወላጆቿ ቤት ትሄዳለች። ባልየው በእናቱና በሚስቱ መካከል ተጨንቆ ቆይቶ፣ በመጨረሻ ሚስቱን ተከትሎ ይሄዳል።

ከፊልሙ ውጭም መካረር ነበር። ሮሚ ከሦስተኛው ፊልም በኋላ፣ ቤተሰቧ ቢገፋፋትም፣ አራተኛውን አልሠራም አለች። ከዚያም ፈረንሳይ ሄዳ የራሷን መንገድ ያዘች።

ይህ ነገር በመሐል ሜዳም፣ በሞላሌም፣ በራቤልም አለ። ልጅቷ ካገባች ዓመት ሳይሞላ «ምነው፣ ዝም አላችሁ?» ትባላለች። አንድ ስትወልድ ደግሞ ሕፃኑ ጡት ሳይጥል «ብቻውን አይደግ፣ ወንድም ጨምሪለት» ይመጣል። እናቷን ማስቀየም ስለማትፈልግ ካርዷን ትደብቃለች። ተደብቆ የሚዋጥ እንክብል ግን ይረሳል፤ ተደብቆ የተያዘ ቀጠሮም ያልፋል። ያልታሰበ እርግዝና ብዙ ጊዜ የሚመጣው እንዲህ ነው።

እናትየዋ ግን ክፋት አስባ አይደለም። በእሷ ዘመን በሕፃንነታቸው የሚሞቱ ልጆች ብዙ ነበሩና፣ ብዙ መውለድ ዋስትና ነበር። ሌላው ፍርሃቷ «መድኃኒቱ ማኅፀን ያደርቃል» የሚለው ወሬ ነው። ይህን በግልጽ እንመልስላት። እንክብሉ ሲቆም፣ ሉፑ ወይም በክንድ የሚቀበረው ሲወጣ፣ ሴቲቱ ብዙም ሳትቆይ ማርገዝ ትችላለች። የሦስት ወሩ መርፌ ከቆመ በኋላ ግን ጥቂት ወራት ሊዘገይ ይችላል፤ ይህም መዘግየት እንጂ መምከን አይደለም። ከወሊድ በኋላ ቀጣዩን እርግዝና ቢያንስ ሁለት ዓመት ማቆየት ለእናቲቱም ለሕፃኑም ጤና ይበጃል።

አባወራዎች ሆይ፣ በዚህ ጉዳይ የእናንተ ቃል ከባድ ነው። እናታችሁ ወይም አማታችሁ ስትጠይቅ «እሷ ናት እምቢ ያለች» አትበሉ። «ሁለታችን መክረን የወሰንነው ነው» በሉ። ያን ጊዜ ሚስታችሁ ካርዷን ከመደበቅ ትድናለች፤ እናትና ልጅም አይቀያየሙም።

ነገ ደግሞ እናንተም ሴት ልጅ ትድራላችሁ። ሕጉ ከ18 ዓመት በታች ጋብቻን ይከለክላል። ዕድሜዋ ደርሶም ቢሆን መቼ እንደምታገባና መቼ እንደምትወልድ ጠይቋት፤ መልሷንም እስክትጨርስ አዳምጧት።

እናቶች ሲቆጡ «ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች» ይላሉ። እውነታቸውን ነው፤ ምጥን ከእነሱ በላይ የሚያውቅ የለም። ስለዚህ እህቴ ሆይ፣ ብቻሽን አትከራከሪ። በሚቀጥለው ቀጠሮሽ ባለቤትሽንም እናትሽንም ይዘሽ ነይ። የምጡን እሳቸው ይነግሩናል፤ የማራራቁን እኛ እናስረዳቸዋለን።