አንድ ወይን፣ ብዙ ጠርሙስ
(ለአዲስ ገቢ ቤተሰቦች የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የምንነጋገረው ስለ አንድ የወይን ዓይነት ነው። «ለወይን ደግሞ ስብሰባ ያስፈልጋል ወይ?» የምትሉ አትጠፉም። ያስፈልጋል። በአገር ቤት ሰንበትን የምንባርከው በዳቦ ነበር፤ ለበዓል የምናውቀውም ጠላና ጠጅ ነው። እዚህ ግን የሻባት ገበታ የወይን ጽዋ አለው። ሱቅ ስትገቡ መደርደሪያው በጠርሙስ ተሞልቷል። የትኛው ለልጅ፣ የትኛው ለአዋቂ እንደሆነ ሳትለዩ ገዝታችሁ ከገባችሁ፣ ጉዳቱ የሚደርሰው ከገበታችሁ ላይ ነው።

ለምሳሌ በዕብራይስጥ ሙስካት አሌክሳንድሮኒ የሚባለውን እንውሰድ። ነጭ ወይን ይባል እንጂ ፍሬው ወደ አረንጓዴ የሚያደላ ቢጫ ነው፤ ትልልቅና ሞላላ ነው። መዓዛው እንደ አበባ ነው። ሙቀትና ድርቅ ስለሚችል በሜዲትራኒያን ባሕር ዙሪያ ከጥንት ጀምሮ ይተከላል፤ በእስራኤልም ይበቅላል። ስሙ የግብጿን እስክንድርያን ያነሣል። በሲሲሊና በቱኒዚያ መካከል ባለችው የኢጣሊያ ደሴት በፓንተለሪያ ደግሞ «ዚቢቦ» ይሉታል። ቃሉ ከዐረብኛው «ዘቢብ» የመጣ ነው፤ እኛም የደረቀውን ወይን ዘቢብ እንላለን። የደሴቲቱ ገበሬዎች ከነፋሱ ለመከለል በጉድጓድ ውስጥ ዝቅ አድርገው ይተክሉታል። ዩኔስኮ ይህን የአተካከል ዘዴ እ.ኤ.አ. በ2014 በዓለም የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ውስጥ አስገብቶታል።

ይህ ወይን ሙያው ብዙ ነው። እሸቱ ይበላል፤ ደርቆ ዘቢብ ይሆናል፤ ተጨምቆ ጭማቂ ይሆናል፤ ተጠምቆም ወይን ጠጅ ይሆናል። እንግዲህ ጠርሙሱ ላይ «ሙስካት» የሚል ቃል ብታነቡ ውስጡ ምን እንዳለ ገና አላወቃችሁም ማለት ነው።

ጠጅ የጣለች እናት ይህን ነገር ለመረዳት አስተማሪ አያሻትም። ብርዝ ማርና ውሃ ነው፤ ልጅም ይጠጣዋል። ሲፈላ ግን ጣፋጩ ወደ አልኮል ይለወጣል፤ ያን ጊዜ ጠጅ ነው። የወይንም ነገር ይኸው ነው። ሳይፈላ የቀረው «ሚጽ አናቪም» ወይም «ቲሮሽ» ይባላል፤ የወይን ብርዝ በሉት። እርሾው ስኳሩን በልቶ ሲጨርስ «ያቬሽ» ይሆናል፤ ደረቅ ማለት ነው። ጥቂት ጣዕም ከቀረው «ሐጺ ያቬሽ» ይባላል። ጠማቂው መፍላቱን በቅዝቃዜ ወይም ጠንካራ አልኮል በመጨመር ቢያቆመው ብዙ ስኳር ይቀራል፤ ይህ «ማቶክ» ነው።

አደራ የምላችሁ እዚህ ላይ ነው። ጣፋጭ ማለት አልኮል የሌለው ማለት አይደለም። ሙስካት ደግሞ መዓዛው ስለሚያታልል «ይህማ ጭማቂ ነው» ያሰኛል። አልኮል ተጨምሮበት የተሠራ ጣፋጭ ሙስካት ግን 15 ከመቶና ከዚያም በላይ አልኮል ሊኖረው ይችላል። ይህ ከተለመደው ቢራ ሦስት እጥፍ ያህል ነው።

ስለዚህ ስትገዙ ሁለት ነገር ተመልከቱ። አንደኛ፣ «ያይን» ነው ወይስ «ሚጽ አናቪም» ወይም «ቲሮሽ»? ሁለተኛ፣ ከአልኮል ጎን የተጻፈው ቁጥር ስንት ነው? ዕብራይስጡ ገና ከሆነባችሁ ልጃችሁን «አንብብልኝ» ማለት ነውር የለውም። ነገር ግን እነዚህን ጥቂት ቃላት ራሳችሁ አጥንታችሁ ያዙ፤ የቤቱ ኃላፊ እናንተ ናችሁና።

የወይን ጭማቂም ለኪዱሽ ይሆናል። ሕፃናት፣ ነፍሰ ጡር፣ መድኃኒት የሚወስዱ አዛውንትና መኪና የሚነዳ ሰው ባሉበት ቤት ቲሮሽ ቢቀርብ የገበታው ክብር አይጎድልም። ጠርሙሱ ከተከፈተ በኋላ ማቀዝቀዣ ውስጥ ይቀመጥ፤ ውጭ ከሰነበተ እንደ ብርዙ መፍላት ይጀምራል። በእስራኤል ሕግ ዕድሜው ከ18 ዓመት በታች ለሆነ ሰው አልኮል መሸጥ ክልክል መሆኑንም ዕወቁ፤ ልጅ ልካችሁ ወይን አታስገዙ።

ለሚቀጥለው ስብሰባ እያንዳንዱ ቤተሰብ አንድ ባዶ ጠርሙስ ይዞ ይምጣ። አንድ ላይ ተቀምጠን የተጻፈበትን እናነባለን። እስከዚያው ሰላም ሁኑ፤ ሻባት ሻሎም።